እምነት፣ ጥርጣሬና የግብር ከፋዩ ገንዘብ በአሜሪካ

የእምነት ተቋማት ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ ይውሰዱ ወይስ አይውሰዱ የሚለው ክርክር በአሜሪካ ከሕገ መንግሥቱም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1784 የቨርጂኒያው ፖለቲከኛ ፓትሪክ ሄንሪ የክርስትና መምህራን ደመወዝ ከሕዝብ በሚሰበሰብ ግብር እንዲከፈል የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ለግዛቲቱ ምክር ቤት አቀረቡ። ረቂቁ ለዘመኑ ለዘብ ያለ ነበር፤ ግብር ከፋዩ ገንዘቡ ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚደርስ ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ጄምስ ማዲሰን ግን በ1785 ረዘም ያለ የተቃውሞ ጽሑፍ አዘጋጅተው አሰራጩ። በየአካባቢው አቤቱታ ይፈረም ጀመር፤ ከፈራሚዎቹም እጅግ ብዙዎቹ ባፕቲስቶችና ፕሬስቢቴሪያኖች ነበሩ። የባፕቲስት ሰባኪዎች ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ እየተባሉ በቨርጂኒያ ወኅኒ የወረዱት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነበርና፣ ዛሬ ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት ነገ ስብከቱን ማረም እንደሚያምረው ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። ረቂቁ ወደቀ። በጥር 1786 በቶማስ ጀፈርሰን የተረቀቀው የሃይማኖት ነፃነት ሕግ በቨርጂኒያ ጸደቀ፤ በ1791 ደግሞ ኮንግረስ ሃይማኖትን የሚመሠርት ወይም የሃይማኖትን ነፃነት የሚገታ ሕግ እንዳያወጣ የሚከለክለው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሥራ ላይ ዋለ።

ጀፈርሰን በ1802 መጀመሪያ ላይ ሃይማኖትንና መንግሥትን ስለሚለየው ግንብ የጻፉት ዝነኛ ደብዳቤም የተላከው በኮኔቲከት ለነበሩ ባፕቲስቶች ነው። ይህ መነሻ ሊዘነጋ አይገባም። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሁለት መቶ ዓመታት በዚህ ጉዳይ ላይ ከተነሡት ጠንካራ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከአማኞች ከራሳቸው የመጡ ናቸው። የሚጠራጠሩት የእግዚአብሔርን ቸርነት አልነበረም፤ መንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ እጁ ንጹሕ መሆኑን ነበር።

በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት አብያተ እምነት ሆስፒታል፣ የሙት ልጆች ማሳደጊያና የስደተኛ ማረፊያ ሠሩ። ከእንግሊዝ የመጣው ሳልቬሽን አርሚ በ1880 በኒውዮርክ ሥራ ጀመረ፤ የካቶሊክ በጎ አድራጎት ማኅበራት በ1910 በአገር አቀፍ ደረጃ ተደራጁ። በ1960ዎቹ የፌዴራሉ መንግሥት ድህነትን ለመዋጋት ሲነሣ ከእነዚህ ድርጅቶች ጋር የአገልግሎት ውል መፈራረም አበዛ። አሠራሩም ቀስ በቀስ ተለመደ፦ ቤተ እምነቱ ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ያቋቁማል፤ ድርጅቱ በመንግሥት ገንዘብ ሾርባ ያድላል፣ ሕሙማንን ያስታምማል፤ ስብከቱ ግን በዚያ ገንዘብ አይካሄድም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1947 በኤቨርሰን፣ በ1971 ደግሞ በሌመን መዝገብ የሰጣቸው ውሳኔዎች ይህን መስመር አጠበቁት። በተለይ የሌመኑ ውሳኔ አንድ የመንግሥት ድጋፍ ዓላማው ዓለማዊ መሆኑን፣ ዋና ውጤቱ ሃይማኖትን አለማስፋፋቱንና መንግሥትንና ቤተ እምነትን ከልክ በላይ አለማቆላለፉን መመርመሪያ አድርጎ አስቀመጠ።

ይህ ስምምነት ያልተመቻቸው ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ዴቪድ ዊልከርሰን የተባሉት የጴንጤቆስጤ ሰባኪ ናቸው። ዊልከርሰን በ1958 ከፔንሲልቬኒያ ገጠር ወደ ኒውዮርክ ወርደው በጎዳና ወሮበሎችና በሄሮይን ሱሰኞች መካከል ማገልገል ጀመሩ፤ ከዚያ አገልግሎት ቲን ቻሌንጅ የተባለው ድርጅት ተወለደ። ለዚህ ድርጅት ሱስ በሽታ ብቻ አልነበረም፣ ኃጢአትም ነበር፤ መዳኛውም ንስሐና አዲስ ልደት ነበር። ስለዚህ ጸሎቱን ከሕክምናው ለይቶ አስቀምጥ ቢባል የሚቀረው ነገር አልነበረም።

ግጭቱ በቴክሳስ ፈነዳ። በ1995 የግዛቲቱ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በሳን አንቶኒዮ የሚገኘውን የቲን ቻሌንጅ ማዕከል መርምሮ፣ ፈቃድ ያላቸው የሱስ አማካሪዎች እንደሌሉትና ሌሎች ደንቦችንም እንደማያሟላ በመግለጽ ሊዘጋው ተነሣ። የማዕከሉ ደጋፊዎችና በማዕከሉ ከሱስ የተላቀቁ ሰዎች በታሪካዊው የአላሞ ምሽግ ፊት ተሰልፈው ተቃወሙ። ከመጠጥ ሱስ የወጡት በእምነት እንደሆነ የሚናገሩት አገረ ገዢው ጆርጅ ቡሽ ከሰልፈኞቹ ጎን ቆሙ፤ በ1997ም የግዛቲቱ ምክር ቤት ሃይማኖታዊ የሱስ ማገገሚያዎችን ከፈቃድ ግዴታ ነፃ አደረገ። በዚያው ዓመት ሃይማኖታዊ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ከመንግሥት ቁጥጥር ይልቅ በራሳቸው ማኅበር እንዲመዘኑ ተፈቀደ። ይህ ሁለተኛው ሙከራ ዕድሜው አጭር ነበር። በአንድ ማሳደጊያ በልጆች ላይ ግፍ መፈጸሙ ክስ ካስነሣ በኋላ ምክር ቤቱ በ2001 ሕጉን ሳያድሰው ቀረ። ቅን ልብ ቁጥጥርን እንደማይተካ ከዚህ በላይ ያሳየ አጋጣሚ በዚያ ዘመን የለም፤ ዳሩ ግን ትምህርቱ ወደ ዋሽንግተን የደረሰ አይመስልም።

ወደ ዋሽንግተን የደረሰው የማርቪን ኦላስኪ መጽሐፍ ነበር። ኦላስኪ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልደው በወጣትነታቸው እምነታቸውን የተዉ፣ ኮሙኒስት የሆኑ፣ ኋላም ወደ ክርስትና የመጡ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ነበሩ። በ1992 ባሳተሙት የአሜሪካን የርኅራኄ ታሪክ በሚተርክ ሥራቸው የመንግሥት ድጎማ ድሃውን ከሰው ጋር ከመገናኘት ነጥቆ የወረቀት ቁጥር አድርጎታል ሲሉ ተከራከሩ። የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪች መጽሐፉን ለአዳዲስ የሪፐብሊካን አባላት አደሉት። ነሐሴ 22 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፈረሙት የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ውስጥም በሚዙሪው ሴናተር ጆን አሽክሮፍት የተገፋ አንድ አንቀጽ ገባ። አንቀጹ ቤተ እምነቶች መስቀላቸውን ከግድግዳ ሳያወርዱ ለመንግሥት ውል መወዳደር እንደሚችሉ ይደነግጋል፤ በቀጥታ የሚሰጣቸውን ገንዘብ ለአምልኮና ለስብከት እንዳያውሉ ይከለክላል፤ ተረጂው ቦታው ካልተስማማው ደግሞ ሌላ ቦታ እንዲዘጋጅለት ያዛል።

በ1999 የምርጫ ቅስቀሳ ሲጀመር ሁለቱም ዋና ተፎካካሪዎች ሐሳቡን አቀፉት፤ አል ጎር በግንቦት፣ ቡሽ በሐምሌ ወር ስለ እምነት ድርጅቶች ድርሻ ንግግር አደረጉ። ቡሽ አሸነፉ። ሥልጣን በያዙ በዘጠነኛው ቀን፣ ጥር 29 ቀን 2001፣ በኋይት ሀውስ የእምነትና የማኅበረሰብ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤትን አቋቋሙ፤ በአምስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችም ተመሳሳይ ክፍሎች እንዲከፈቱ አዘዙ።

የመጀመሪያው ኃላፊ ጆን ዲዩሊዮ የፊላደልፊያ ሰው፣ ካቶሊክ፣ ዴሞክራትና የፖለቲካ ሳይንስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ወንጀልን ሲያጠኑ የከተማ ጥቁር ሰባኪዎች በጎዳና ወጣቶች ላይ ያመጡትን ለውጥ ተመልክተው ነው ወደዚህ ሥራ የተሳቡት። ሆኖም አማኝነታቸው ተመራማሪነታቸውን አልጋረደውም። የእምነት ፕሮግራሞች ከሌሎች ይበልጣሉ የሚለው አባባል ገና ማስረጃ እንደሚፈልግ ደጋግመው ተናገሩ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ለወንጌላውያን መሪዎች ባደረጉት ንግግርም ከእነርሱ መካከል የከተማውን ድሃ የረሱ እንዳሉ ሳይሸፍኑ ገለጹ። ንግግሩ ወዳጅ አላፈራላቸውም። ነሐሴ ላይ ሥራቸውን ለቀቁ።

ከሁሉ ያስገረመው የቴሌቪዥን ሰባኪው የፓት ሮበርትሰን ሥጋት ነበር። የፕሬዚዳንቱ ደጋፊ የነበሩት ሮበርትሰን በሩ ከተከፈተ ሳይንቶሎጂና ሃሬ ክሪሽና የተባሉት የእምነት ቡድኖችም ገንዘቡን ሊጠይቁ ነው ብለው በአደባባይ ተቃወሙ። በሕግ ዓይን ትክክል ነበሩ፤ መንግሥት የቱ ሃይማኖት እውነተኛ እንደሆነ ሊዳኝ አይችልምና። በ2002 ግን እርሳቸው የመሠረቱት የእርዳታ ድርጅት ከዚሁ መርሐ ግብር 500,000 ዶላር ተቀበለ።

መርሐ ግብሩን በሕግ ለማጽናት የተዘጋጀውን ረቂቅ በኮንግረስ ያቀረቡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ የኦክላሆማው ሪፐብሊካንና ባፕቲስት ሰባኪ ጄ. ሲ. ዋትስ እና የኦሃዮው ዴሞክራት ቶኒ ሆል። ሆልን ወደዚህ ጉዳይ ያመጣቸው መንገድ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። በ1984 (በ1977 ዓ.ም.) ረሃብ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተጉዘው ሕፃናት በእርዳታ ጣቢያ ሲሞቱ አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ሥራቸውን ለረሃብ ጉዳይ ሰጡ። የኮንግረሱን የረሃብ ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት ሚኪ ሌላንድ በ1989 በጋምቤላ አቅራቢያ በአውሮፕላን አደጋ ሲሞቱ ሆል ተተኩ፤ ኮሚቴው በ1993 ሲፈርስ ደግሞ ተቃውሟቸውን ለ22 ቀን ውኃ ብቻ እየጠጡ በመጾም ገለጹ። ለእንዲህ ያለ ሰው እምነትና የመንግሥት በጀት ሁለት ዓለም አልነበሩም። ረቂቁ ሐምሌ 19 ቀን 2001 በተወካዮች ምክር ቤት በ233 ድምፅ ለ198 አለፈ። ሴኔቱ ግን አላሳለፈውም። ጠቡ የነበረው በቅጥር ላይ ነው፦ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ድርጅት የራሱን እምነት ተከታዮች ብቻ መቅጠር ይችላል ወይ? ደጋፊዎች ካቶሊክ ያልሆነ የካቶሊክ ድርጅት ትርጉም የለውም አሉ፤ ተቃዋሚዎች አይሁዳዊው የከፈለው ግብር አይሁዳዊውን የማይቀጥር ድርጅት ደመወዝ ሊሆን አይገባም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚያነሣው መከራከሪያ እውነተኛ ስለነበር ኮንግረስ እስከ መጨረሻው ሊፈታው አልቻለም። ቡሽ በታኅሣሥ 2002 ኮንግረሱን በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ አለፉት።

የእምነት ፕሮግራም ይሠራል ወይ የሚለውን ጥያቄ በቅርበት ለማየት ከአንድ የቴክሳስ ወኅኒ የተሻለ ቦታ የለም። በዎተርጌት ቅሌት የታሰሩትና በዚያው ሰሞን ወደ ክርስትና የመጡት የፕሬዚዳንት ኒክሰን ረዳት ቻክ ኮልሰን ያቋቋሙት የእስረኞች አገልግሎት፣ በ1997 በሂዩስተን አጠገብ በሚገኝ ማረሚያ ቤት ኢነርቼንጅ የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ፈቃደኛ እስረኞች ቀኑን በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ በሥራና በምክር ያሳልፉ ነበር፤ ሲፈቱ በአቅራቢያቸው ካለ ቤተ ክርስቲያን አማካሪ ይመደብላቸው ነበር። በ2003 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ባይረን ጆንሰን ውጤቱን አወጡ። ፕሮግራሙን ከጨረሱት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ እስር የተመለሱት 8 በመቶ ሲሆኑ፣ በፕሮግራሙ ካልተሳተፉ ተመሳሳይ እስረኞች ግን 20 በመቶ ያህሉ ተመልሰዋል። ዜናው በኋይት ሀውስ በደስታ ተነገረ።

ሰንጠረዡን በሙሉ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኝ ነበር። ፕሮግራሙን የጀመሩት 177 ሲሆኑ የጨረሱት 75 ብቻ ናቸው። ጨረሰ ለመባል ደግሞ ከእስር ከወጡ በኋላ ሥራ ይዞ መቆየትም ያስፈልግ ነበር፤ ሥራ የያዘ ሰው ደግሞ በማንኛውም መንገድ ወደ ወኅኒ የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። የጀመሩት ሁሉ ሲቆጠሩ ተመልሶ የታሰረው 24 በመቶ ገደማ ሆነ፤ ይኸውም በፕሮግራሙ ካልተሳተፉት የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ሪፖርቱ እነዚህን ቁጥሮች አልደበቀም፤ ተመራማሪው ሁሉንም ጽፈዋቸዋል። የደበቃቸው ለማመን የነበረው ጉጉት ነው። የሕዝብ ፖሊሲ ምሁሩ ማርክ ክላይመን ይህን ሲያሳዩ፣ እግዚአብሔር ሰው አይለውጥም ማለታቸው አልነበረም፤ አሸናፊዎችን ብቻ ቆጥሮ ፕሮግራሙ አሸነፈ ማለት እንደማይቻል እንጂ።

ያው ፕሮግራም በአዮዋ ኒውተን ከተማ ማረሚያ ቤት ሲከፈት ክስ ገጠመው። ከሳሹን ድርጅት ይመሩ የነበሩት ባሪ ሊን ራሳቸው የተሾሙ ቄስ ናቸው። በችሎቱ የወጣው ዝርዝር ከሕግ መርሕ ይልቅ ይናገራል፦ የፕሮግራሙ እስረኞች የእንጨት በር ባለው ክፍል ይኖሩ ነበር፣ ቁልፉን ራሳቸው ይይዙ ነበር፣ ሽንት ቤታቸውም ከሌሎቹ የተሻለ መሸሸጊያ ነበረው። ሙስሊም፣ አይሁዳዊ ወይም የቀደምት አሜሪካውያንን እምነት የያዘ እስረኛ ይህን ለማግኘት ከእምነቱ ጋር መጣላት ነበረበት። ዳኛ ሮበርት ፕራት በሰኔ 2006 ፕሮግራሙ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲሉ ወሰኑ፤ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲመለስም አዘዙ። በታኅሣሥ 2007 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ጡረታ የወጡት ሳንድራ ደይ ኦኮነር በተሰየሙበት ችሎት፣ ጥሰቱን አጸና፤ ገንዘቡን የመመለሱን ትእዛዝ ግን በአብዛኛው ሻረ።

በዚያው ወቅት መርሐ ግብሩ ከአሜሪካ ድንበር ወጥቷል። ቡሽ በጥር 2003 ለኤድስ መከላከያ በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ ፔፕፋር የተባለው ይህ ፕሮግራም ካተኮረባቸው 15 አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ሕጉ ከመከላከያው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው ከጋብቻ በፊት መታቀብን ለሚያስተምሩ ሥራዎች እንዲውል ያስገድድ ነበር። ይህ ግዴታ በየአገሩ ያለውን ሥራ እንዳጠበበ የአሜሪካ መንግሥት የራሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2006 አሳየ፤ በ2008ም ላላ። ገንዘቡ በብዙ የሃይማኖት ድርጅቶች በኩል አለፈ፤ በኢትዮጵያም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን ተሳታፊ ነበር።

በኢትዮጵያ የእምነትና የጥርጣሬ ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ2005 መጀመሪያ (በ1997 ዓ.ም.) ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ተስፋ ጠበል ብቻ በሆነበት ዘመን በእንጦጦና በሌሎች የጠበል ሥፍራዎች እጅግ ብዙ ሕሙማን ይኖሩ ነበር። ሌሊት ተነሥቶ መሰለፍ፣ ልብስ አውልቆ በብርዱ መጠመቅ፣ በባዶ ሆድ ጠበሉን ደጋግሞ መጠጣት፣ ሱባኤ መያዝ፤ ይህ ሁሉ ሙሉ ልብን ይጠይቃል። መድኃኒቱ ሲመጣ ብዙዎች ኪኒን መዋጥን እምነት ማጉደል አድርገው አዩት፤ የጀመሩትን ያቋረጡም ነበሩ። የዚህ በሽታ መድኃኒት ደግሞ ማቋረጥን አይምርም፤ ቫይረሱ ይለምደዋል። ሐኪሙ ጠበሉን ተወው ቢል ሕመምተኛው ከሐኪሙ ይሸሻል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 (በ1999 ዓ.ም.) መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ አስታወቁ። ኪኒናቸውን በጠበል የሚውጡ ሕሙማን መታየታቸው የዚህ ፍሬ ነው። አንድ የሃይማኖት አባት ያለ ምንም ሕግና ክስ የፈቱት ችግር በዚህ ታሪክ ውስጥ ብርቅ ነው።

ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ጥርጣሬው ከራሱ ከእምነት ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ወጣ። ምክትል ኃላፊ የነበሩት ወንጌላዊው ዴቪድ ኩዎ በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ለድሃ የተገባው ቃል ሳይፈጸም መርሐ ግብሩ የምርጫ መሣሪያ ሆነ ሲሉ በኀዘን ጻፉ። ሃይማኖት የሌላቸው ግብር ከፋዮች ማኅበር ያቀረበው ክስ ግን በሰኔ 2007 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 ወደቀ፤ ፍርድ ቤቱ ግብር ከፋይ በመሆን ብቻ የፕሬዚዳንቱን ጽሕፈት ቤት ወጪ መክሰስ አይቻልም አለ። ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ በሩ ተዘጋ።

ባራክ ኦባማ በወጣትነታቸው በቺካጎ የሠሩት ከካቶሊክ አጥቢያዎች ጋር ነበርና በየካቲት 2009 ጽሕፈት ቤቱን አልዘጉትም፤ ስሙን ቀይረው ከልዩ ልዩ እምነት የተውጣጣ አማካሪ ጉባኤ ሰጡት። በ2010 ያወጡት ትእዛዝ ተረጂው ሃይማኖታዊ ያልሆነ አማራጭ የመጠየቅ መብቱ እንዲነገረው አደረገ፤ በምርጫ ጊዜ ቃል የገቡበትን የቅጥር ጉዳይ ግን ሳይነኩት ቀሩ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ከፕሬዚዳንት ወደ ፕሬዚዳንት ሲገለባበጥ ቆየ፦ ዶናልድ ትራምፕ በ2018 ጽሕፈት ቤቱን በሌላ መልክ አቋቋሙ፣ ለተረጂው የሚሰጠው ማሳወቂያም በ2020 ቀረ፤ ጆ ባይደን በ2021 የቀድሞውን ጽሕፈት ቤት መለሱ፣ ማሳወቂያውም በ2024 ተመለሰ።

በ2025 መጀመሪያ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሆኑ። ትራምፕ በየካቲት ወር የኋይት ሀውስ የእምነት ጽሕፈት ቤትን በአዲስ ትእዛዝ አቋቋሙ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ግን የውጭ እርዳታና የስደተኞች ማስፈር ሥራ እንዲቆም ታዝዞ ነበር። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ ወዲህ በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያንንና ኤርትራውያንን በአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉት፣ ቤት የተከራዩላቸውና ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያስገቡት በአብዛኛው የሉተራን፣ የካቶሊክ፣ የአይሁድና የሌሎች እምነት ድርጅቶች ነበሩ፤ የሚሠሩበትም ገንዘብ በብዛት ከመንግሥት ይመጣ ስለነበር ሠራተኞቻቸውን ማሰናበት ጀመሩ። የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ መንግሥትን ከሰሰ፤ በሚያዝያም ከስደተኞች ጋር የተያያዘውን የትብብር ውል እንደማያድስ አስታወቀ። በግንቦት መንግሥት የደቡብ አፍሪካ ነጮችን እንድታሰፍር የጠየቃት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሌሎች ስደተኞች ለዓመታት እየጠበቁ ይህን አልሠራም ብላ፣ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ውል በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ለማቋረጥ ወሰነች።